ፊሎሜ ኦባን፤ የተናቁት ሰዎች ሠዓሊ

የአገር ታሪክ በብዕር ብቻ አይጻፍም። ብዕር ከድኻው እጅ በራቀበት አገር ብሩሽም ታሪክ ይጽፋል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የሐይቲው ሠዓሊ ፊሎሜ ኦባን ነው።

ኦባን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ዓ.ም. በሰሜን ሐይቲ ተወለደ። አንዳንድ ጊዜ ፀጉር እያስተካከለ፤ አንዳንድ ጊዜ ቡና እየገዛ፤ አንዳንድ ጊዜም በጽሕፈት ሥራ እየተቀጠረ ኑሮውን ይገፋ ነበር። ሥዕል የጀመረው በልጅነቱ ቢሆንም ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቁም ነገር የቈጠረለት አልነበረም። የተማሩት የአገሩ ሰዎች ዓይናቸው ፓሪስን ያይ ነበርና የመንደርተኛ ሥዕል ለእነርሱ የልጅ ጨዋታ ነበር።

ሐይቲ በ1804 ከባርነት ቀንበር ወጥታ ነጻ መንግሥት ያቆመች አገር ናት። ይሁን እንጂ በ1915 የአሜሪካ ወታደሮች ያዟት፤ የቆየ ሕግም አንሥተው ገበሬውን በግድ መንገድ ያሠሩት ጀመር። ገበሬውም ሸፈተ። መሪው የቀድሞው መኰንን ሻርልማኝ ፔራልት ነበር። በ1919 ፔራልት በተገደለ ጊዜ ወታደሮቹ ሬሳውን በበር ሳንቃ ላይ አስረው ፎቶግራፍ አነሡት፤ ሕዝቡ እንዲፈራም ፎቶግራፉን በተኑት። ሕዝቡ ግን ያየው የተሰቀለ ሰው ነበር።

ኦባን ይህን የሕዝብ ዓይን በሸራ ላይ አሰፈረ። በ1970 በሣለው ሥዕል ፔራልት እንደ ተሰቀለ ሆኖ ይታያል፤ ባንዲራው ከእርሱ ጋር ነው፤ እናቱም በሐዘን ከአጠገቡ ቆማለች። ለማስፈራሪያ የተነሣው ፎቶግራፍ በድኻው ሠዓሊ እጅ የክብር ሐውልት ሆነ።

ወታደሮቹ በ1934 ከሐይቲ ወጡ። በ1944 በፖርቶ ፕረንስ የሥዕል ማእከል ሲከፈት ኦባን ሥዕሉን ላከ፤ ዋጋውን ያወቀለት የማእከሉ መሪም አሜሪካዊ አስተማሪ መሆኑ ያስደንቃል። ከዚያ በኋላ ኦባን በካፕ ሐይስያን ከተማ ወጣቶችን እያስተማረ ብዙ ሠዓሊዎች አወጣ። በ1950ና በ1951 በዋና ከተማው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግድግዳ ላይ ስቅለትንና የመጨረሻውን እራት ሣለ። የ2010 የምድር መናወጥ ካቴድራሉን ሲያፈርሰው ስቅለቱ ጠፋ፤ እራቱ ግን ተረፈ።

በኦባን ሥዕል ለቅሶና ጩኸት አይበዛም። ቤቶቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ሰዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ የሆነው ነገርና ቀኑም ብዙ ጊዜ ከሥር ተጽፎ ይገኛል። አንዳንዶች ይህን አለመማር ይሉታል። እኛ ግን የምስክር ቃል እንለዋለን፤ ምስክር የሚፈለግበት ያየውን በትክክል እንዲናገር ነውና።

ኦባን በ1986 በ94 ዓመቱ ሞተ። በዕድሜው ግማሽ የናቁት የተማሩ ሰዎች ነበሩ። እኛም ነገ የተማሩ ሰዎች እንባላለን፤ ስለዚህ የመንደርተኛውን ሥራ የልጅ ጨዋታ ከማለታችን በፊት የኦባንን ሠላሳ ዓመት እናስታውስ።