በፀሐይ የአባይን ውሃ የቀዳው መሐንዲስ

በዚህ እትም ታሪኩን የምናወሳው ሰው ፍራንክ ሹማን ይባላል። ፀሐይና ነፋስ ነዳጅን ይተካሉ ወይስ አይተኩም የሚለው ክርክር ትናንት የተጀመረ ለሚመስለው ሁሉ የእርሱ ሕይወት ጥሩ መልስ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሹማን በ1862 በኒውዮርክ ብሩክሊን ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ ሙያውን የተማረው በሥራ ላይ ነው። ገንዘብና ስም ያስገኘለት መስታወት ነበር። ውስጡ የሽቦ መረብ ያለበት፣ ቢሰበርም የማይበታተን መስታወት ፈጠረና በ1892 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። ባገኘው ገንዘብ በፊላደልፊያ ታኮኒ በተባለ ሰፈር ቤትና ቤተ ሙከራ ሠራ።

በ1907 እዚያው ግቢው ውስጥ ለሰው ያሳየው ማሽን ትንሽ ነበር። ጥቁር ቱቦዎች በመስታወት በተከደነ ሳጥን ውስጥ ተዘርግተዋል፤ በውስጣቸው ያለው ኤተር ነው። ኤተር በ35 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የፀሐይ ሙቀት ብቻውን አፍልቶት ትንሽ ሞተር አዞረ። ቀጥሎ ወደ ውሃ ተመለሰና በዝቅተኛ ግፊት እንፋሎት የሚሠራ ሞተር አበጀ። ነገር ግን ርካሽ የድንጋይ ከሰል በሞላበት አገር ፀሐይን ማን ይገዛል? ሹማን ይህን ስለተረዳ ገበያውን ሌላ ቦታ ፈለገ። ግብፅ ፀሐይ አላት፤ ከሰሉ ከእንግሊዝ በመርከብ ስለሚመጣ ውድ ነው፤ ገበሬው ደግሞ ውሃ የሚስብ ኃይል ይፈልጋል። ሦስቱ በአንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው።

ከካይሮ በስተደቡብ መዓዲ በተባለ ቦታ፣ አባይ ዳር፣ አምስት ረጃጅም የመስታወት ገንዳዎች ተተከሉ። እያንዳንዱ 62 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ነበረው። ቅርጹ ፓራቦላ ነው፤ ያረፈበትን ጨረር ሁሉ መሐሉ ላይ በተዘረጋ አንድ ቱቦ ላይ ይሰበስባል፤ ገንዳውም ፀሐይዋን ተከትሎ ራሱን ያዞራል። (ሐሳቡን ያቀረበው ቻርለስ ቦይስ የተባለ እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። የፓራቦላን መስታወት የማቃጠል ኃይል በሒሳብ ያስረዳው ኢብኑል ሀይሠምም እድሜውን የጨረሰው እዚያው ካይሮ ነበር፤ ከዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ በፊት።) መጀመሪያ ቱቦዎቹ ከዚንክ ተሠርተው ስለነበር ሙቀቱ አጎበጣቸው። በብረት ተተክተው በ1913 በጋ ማሽኑ በክብር እንግዶች ፊት ሠራ፤ ከ50 የፈረስ ጉልበት በላይ እያመነጨ በደቂቃ ከ20,000 ሊትር በላይ ውሃ ይስብ ነበር።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ርብና ጉማራ ፎገራን አጥለቅልቀው ጣና ይገባሉ፤ ጣና ደግሞ አባይን ይመግባል። ሹማን ይስበው ከነበረው ውሃ ውስጥ የእኛም አገር ጠብታ ነበረበት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከተመልካቾቹ አንዱ ሎርድ ኪችነር ነበር፤ በ1898 ኦምዱርማን ላይ የሱዳንን ማህዲያ ሠራዊት በመትረየስ ያረገፈው ማለት ነው። በማሽኑ ተደስቶ በሱዳን 30,000 ኤከር የጥጥ መሬት ለሹማን እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። የጀርመን መንግሥትም ለተመሳሳይ ሥራ ገንዘብ መደበ። እንደሚመስለኝ ሁለቱም ያሰቡት ለቅኝ ግዛታቸው ጥጥ እንጂ ለገበሬው አልነበረም። ሹማን ራሱ ግን ሐሳቡ ሰፊ ነበር፤ ከሰሃራ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሸፈን የዓለምን የነዳጅ ፍጆታ እንደሚተካ አስልቷል።

በ1914 ጦርነቱ ፈነዳ። መሐንዲሶቹ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ የመዓዲው ማሽን ተመልሶ አልቆመም። ሹማን በ1918፣ ጦርነቱ ሳያበቃ፣ ሞተ። ከዚያ በኋላ ርካሽ የነዳጅ ዘይት ዓለምን ሞላና ሐሳቡ ለስድሳ ዓመት ያህል ተረሳ። ልብ በሉ፣ ማሽኑ ሠርቷል፤ የተሸነፈው በዋጋና በጦርነት ነው። ዛሬ በሞሮኮ ዋርዛዛት አጠገብ በ2016 የተመረቀው 160 ሜጋዋት የኑር ጣቢያ የሚሠራው በዚያው በገንዳ መስታወት ነው።

እንግዲህ ወደ ፎገራ። ክረምቱን ሩዝ፣ በጋውን ሽንኩርት የሚያመርተው ገበሬ ከርብና ከጉማራ ውሃ የሚስበው በቤንዚንና በናፍጣ ፓምፕ ነው። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ጄሪካን ይዞ ወረታ ይመላለሳል፤ ሽንኩርቱ ደግሞ ሰልፍ አይጠብቅም። ቁጥሩን እንየው። በሰከንድ 10 ሊትር ውሃ 5 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ንጹሕ ኃይል 490 ዋት ነው፤ የፓምፑ ብቃት ግማሽ ቢሆን 1 ኪሎዋት ገደማ። ለአቧራና ለሙቀት ጨምረን 1.5 ኪሎዋት ብንል ሦስት ባለ 500 ዋት ፓነሎች ይበቃሉ። ከረፋድ እስከ ዐስር ባለው ጊዜ ውስጥ አምስት ሰዓት ብቻ በደንብ ቢሠራ 180 ሜትር ኩብ ውሃ ይወጣል፤ ይህ ከአንድ ሄክታር ሽንኩርት የቀን ፍላጎት ይበልጣል። ማታ ፀሐይ የለችም የሚለው መከራከሪያም እዚህ ላይ አይሠራም፤ በባትሪ ፋንታ ኩሬ አለ።

በአገር ደረጃ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሆነ ፀሐይና ነፋስ እዚያ የሚያግዙት ግድቡን ነው። በበጋ ወንዝ ሲቀንስ ነፋሱ ይበረታል፤ የአሸጎዳ 120 ሜጋዋትና የአዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት ተርባይኖች ሲዞሩ በግድብ ያለው ውሃ ይቆጠባል። ነዳጅ የሚበላን መኪናውና ፓምፑ ነው።

የሚከብደው የመጀመሪያው ወጪ ነው። ናፍጣ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይገዛል፤ የፀሐይ ፓምፕ ግን የብዙ ዓመት ነዳጅን በአንድ ቀን እንደ መግዛት ነው። ገበሬው ይህን ገንዘብ በእጁ አይይዝም፤ ብድሩ ወለድ ካለበት ደግሞ ወለድን የሚሸሽ ሙስሊም ገበሬ አይጠጋውም። በሙራበሓ ውል ግን ባንኩ ፓምፑን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ ለገበሬው በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ መሸጥ ይችላል። ዘምዘምና ሂጅራን የመሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ከ2021 ወዲህ ሥራ ላይ ናቸው። ክፍያው የሽንኩርት ገበያ በሚደርስበት ወር እንዲሆን ማድረግም ከባድ ሒሳብ አይደለም።