የመጨረሻው ውጤት፦ የዶክተር ኧርነስት ኤሞሪ ኮድማን ሕይወትና የሆስፒታል አገልግሎት ጥራት ምዘና አጀማመር

መግቢያ

በጤና አገልግሎት ምርምር ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ዘወትር አብረው ይነሣሉ፤ አገልግሎቱ ለሚያስፈልገው ሰው ይደርሳል ወይ? ሲደርስስ ጥራቱ ምን ያህል ነው? ለዚህ የሚወጣው ገንዘብስ ምን አስገኘ? ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ በቂ መልስ የሚያገኙት ሕመምተኛው ከታከመ በኋላ ምን ላይ እንደ ደረሰ ሲታወቅ ነው። ዛሬ ይህ አባባል ማንንም አያስቆጣም። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ይህንኑ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አጥብቀው የጠየቁ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማዕረጋቸውን፣ ወዳጆቻቸውንና አብዛኛውን ገቢያቸውን አጥተዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የእኚህን ሰው፣ የዶክተር ኧርነስት ኤሞሪ ኮድማንን ሕይወት ይቃኛል። ጽሑፉ የሚያስረዳውም የውጤት ምዘና ለረጅም ጊዜ የተጓተተው መለኪያ በመጥፋቱ ሳይሆን፣ መለኪያው የሚገልጠው ነገር በባለሥልጣናቱና በባለሙያዎቹ ዘንድ ባለመወደዱ እንደ ነበር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራዎች

ኮድማን ዲሴምበር 30 ቀን 1869 በቦስተን ተወለዱ። በ1891 ከሃርቫርድ ኮሌጅ፣ በ1895 ደግሞ ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በዚያው ከተማ በሚገኘው በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ሙያ ተሰማሩ።

የኋላ ዘመን ሐሳባቸው ፍንጭ የታየው ገና በተማሪነታቸው ነው። በዚያን ዘመን በቀዶ ሕክምና ጊዜ ለሕመምተኛው ኤተር የተባለውን ማደንዘዣ እንዲሰጡ የሚታዘዙት በቂ ሥልጠና ያላገኙ ተማሪዎች ነበሩ። ኮድማንና የትምህርት ጓደኛቸው ሃርቪ ኩሺንግ፣ በኋላ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ስመ ጥር የሆኑት ሐኪም፣ ማደንዘዣን በተሻለ ጥንቃቄ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ለመለየት እራት ተወራረዱ። አሸናፊውን ለማወቅ ግን ማስረጃ ያስፈልግ ነበርና በ1894 የሕመምተኛውን የልብ ትርታና አተነፋፈስ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሁሉ እየተከታተሉ በሠንጠረዥ መመዝገብ ጀመሩ። ይህ አሠራር ከማደንዘዣ መዝገቦች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው።

ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 መጨረሻ የራጅን ጨረር ባገኙ ጊዜም ኮድማን በአሜሪካ አዲሱን መሣሪያ ቀድመው ከተጠቀሙት ሐኪሞች መካከል ነበሩ። መሣሪያውን በማድነቅ ብቻ አልተወሰኑም፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በጽሑፍ የተመዘገቡትን የራጅ ቃጠሎ ጉዳቶች አሰባስበው በ1902 ጥናት አሳተሙ። በማደንዘዣውም ሆነ በራጁ ሥራቸው የሚታየው ጠባይ አንድ ነው፤ ሕክምናው በሕመምተኛው ላይ ያደረሰውን መልካምም ሆነ መጥፎ ነገር መዝግቦ መያዝ።

የመጨረሻ ውጤት ሐሳብ

የዚያ ዘመን የሆስፒታል ዓመታዊ ሪፖርቶች በዓመቱ ስንት ሰው እንደ ታከመና ምን ያህል ገንዘብ እንደ ወጣ በዝርዝር ያሳዩ ነበር። ከታከሙት ውስጥ ስንቱ በእርግጥ እንደ ተሻለው ግን አያሳዩም። ኮድማን ይህን እንደ ከባድ የሒሳብ ጉድለት ቆጠሩት። በእርሳቸው አመለካከት አንድ ፋብሪካ የምርቱን ጥራት ሳይመረምር ወጪውን ብቻ ቢያቀርብ ባለቤቶቹ እንደማይቀበሉት ሁሉ፣ በለጋሾች ገንዘብ የሚተዳደር ሆስፒታልም የወጪውን ደረሰኝ ብቻ ይዞ ሊቀርብ አይገባውም ነበር። የሆስፒታል ምርት የሕመምተኛው ጤና ነውና።

ያቀረቡት መፍትሔ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ካርድ ይዘጋጃል። በካርዱ ላይ የሕመሙ ምልክቶች፣ ሐኪሙ ከሕክምናው በፊት የሰጠው የምርመራ ውጤት፣ የታቀደው ሕክምና፣ በሆስፒታል ቆይታው የደረሰው ችግርና ሲወጣ የተረጋገጠው በሽታ ይሰፍራል። ከዚያም ቢያንስ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመምተኛው ተፈልጎ ያለበት ሁኔታ ይመዘገባል። ሕክምናው ያልተሳካ እንደ ሆነ ምክንያቱ ይጠየቃል። ኮድማን ይህን አሠራር የመጨረሻ ውጤት ሐሳብ ብለው ሰየሙት።

በ1910 ወደ እንግሊዝ በተጓዙበት ጊዜ ሐሳቡን ለፊላዴልፊያው ቀዶ ሐኪም ለኤድዋርድ ማርቲን አካፈሉ። ማርቲን በበኩላቸው የቀዶ ሐኪሞችን ደረጃ የሚያስጠብቅ ማኅበር ማቋቋም ይፈልጉ ነበር። ሁለቱ ውጥኖች ተደጋገፉ። ኮድማን ከ1912 ጀምሮ የሆስፒታሎችን አሠራር ደረጃ የሚያወጣውን ኮሚቴ በሰብሳቢነት መሩ፤ በ1913 ደግሞ የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ተመሠረተ።

ከሆስፒታሉ ጋር የተፈጠረው ግጭት

ካርዱ ትንሽ ቢሆንም የሚያስከትለው መዘዝ ትልቅ ነበር። በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ሐኪሞች ወደ ከፍተኛ ደረጃ የሚወጡት በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል ነበር። የእያንዳንዱ ሐኪም ውጤት ከተመዘገበ ግን ዕድገቱ በዕድሜ ሳይሆን በውጤት የሚሆንበት ቀን ይመጣል። ከዚህም በላይ በግል ክሊኒክ የሚከፈለው ገንዘብ በዝና ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር፣ ዝናው ከመዝገቡ ጋር ሳይስማማ ቢቀር ገቢም ይነካል።

ኮድማን ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። በ1914 በዕድሜ ቅደም ተከተል የሚደረገውን ዕድገት በመቃወም ከሆስፒታሉ ሥራ ለቀቁ። ወዲያውም ያለፉት 10 ዓመታት ውጤቴ ከሌሎቹ የበለጠ ነውና ዋና ቀዶ ሐኪም ልሁን ሲሉ አመለከቱ። ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም። የሌሎቹ ሐኪሞች ውጤት በተመሳሳይ መንገድ ባለመመዝገቡ፣ የኮድማን አባባል ሊረጋገጥም ሊስተባበልም የሚችል አልነበረም። ሊያሳዩ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

ግጭቱ ወደ አደባባይ የወጣው ጃንዋሪ 6 ቀን 1915 ነው። በዚያ ምሽት ኮድማን በቦስተን የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በጠሩት ስብሰባ ላይ የከተማዋ ከንቲባና የሥራ ቅልጥፍና አጥኚው ፍራንክ ጊልብሬዝ ተገኝተው ነበር። በስብሰባው መጨረሻ ኮድማን አንድ ትልቅ የካርቱን ሥዕል ገለጡ። በሥዕሉ ላይ የከተማዋ ሀብታሞች ራሷን አሸዋ ውስጥ በቀበረች ሰጎን ተመስለዋል። ሰጎኗ ወርቃማ እንቁላሎችን ወደ ሐኪሞቹ ትገፋለች፤ የሆስፒታሉና የዩኒቨርሲቲው መሪዎች ደግሞ እውነቱ ቢነገራት እንቁላል መጣሏን ታቆም ይሆን እያሉ ይጨነቃሉ። የአገሩን ቱባ ሰዎች በአንድ ሥዕል ያስቀየመው ይህ ድርጊት ብዙ ዋጋ አስከፈላቸው። ከአካባቢው የሕክምና ማኅበር የቀዶ ሕክምና ክፍል ሰብሳቢነት እንዲወርዱ ተደረገ፤ በሃርቫርድ የነበራቸውን የማስተማር ኃላፊነት አጡ፤ ወደ እርሳቸው የሚላኩ ሕመምተኞችም ተመናመኑ።

የራስን ስሕተት ማተም

ኮድማንን ከተራ ተቺ የሚለያቸው፣ ከሌሎች የጠየቁትን አስቀድመው በራሳቸው ላይ መፈጸማቸው ነው። በ1911 በቦስተን አነስተኛ የግል ሆስፒታል ከፍተው ነበር። ከ1911 እስከ 1916 ድረስ ከዚያ ታክመው የወጡትን 337 ሕመምተኞች ታሪክ አንድ በአንድ አሳተሙ። በእነዚህም ላይ 123 ስሕተቶችን መዘገቡ።

ስሕተቶቹን በየምክንያታቸው ለያዩአቸው። የዕውቀት ወይም የእጅ ሙያ ማነስ፣ የውሳኔ ጉድለት፣ የእንክብካቤ ወይም የመሣሪያ ጉድለት፣ በሽታውን ለይቶ አለማወቅ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው። ከሐኪሙ አቅም በላይ የሆነ በሽታና የሕመምተኛው ሕክምናን አለመቀበል ደግሞ ለብቻ ተመዘገቡ። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ ለሚሠራበት ጥያቄ መነሻ ሆኗል፤ ከደረሰው ጉዳት ውስጥ ልንከላከለው የምንችለው የትኛው ነው? ኮድማን ሪፖርቱን በራሳቸው ወጪ አሳትመው ለሌሎች ሆስፒታሎች አሠራጩ። አርአያቸውን የተከተለ ግን እምብዛም አልተገኘም።

የተቃጠለው ዝርዝር

የሆስፒታሎችን ደረጃ የማውጣቱ ሥራ ያለ ኮድማን መሪነት ቀጠለ። የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ 100 እና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች መረመረ። የተጠየቀው ዝቅተኛ መስፈርት ነበር፤ የሐኪሞች አደረጃጀት፣ የተሟላ የሕመምተኛ መዝገብ፣ የላቦራቶሪና የራጅ አገልግሎት መኖር። ያም ሆኖ መስፈርቱን ያሟሉት 89 ብቻ ሆነው ተገኙ። በ1919 በኒውዮርክ በተደረገው ስብሰባ አኃዙ ይፋ ቢደረግም፣ የሆስፒታሎቹ ስም ዝርዝር በጋዜጠኞች እጅ እንዳይገባ በሆቴሉ ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ። ከወደቁት መካከል ስመ ጥር ሆስፒታሎች ነበሩበት።

ይህ ታሪክ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ምርመራው ቀጥሎ በ1951 ለተቋቋመው የሆስፒታሎች የጋራ ዕውቅና ኮሚሽን መሠረት ሆነ። በሌላ በኩል የኮድማን ዋና ጥያቄ ከመስፈርቱ ውስጥ ቀረ። ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ እንዳለው መጠየቅ የሚቻል ሆነ፤ ሕመምተኞቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ምን ላይ እንደ ደረሱ መጠየቅ ግን አልተቻለም። አቬዲስ ዶናቤዲያን በ1966 ባቀረቡት የታወቀ አከፋፈል ቋንቋ ብንገልጸው፣ ተቋማቱ መዋቅርን ተቀብለው ውጤትን ለሌላ ዘመን አሳደሩት። ዶናቤዲያን ራሳቸውም በ1989 ስለ ኮድማን አስተዋጽኦ ሰፊ ጥናት ጽፈዋል።

የአጥንት ካንሰር መዝገብና የመጨረሻ ዓመታት

በዲሴምበር 1917 በካናዳ የሃሊፋክስ ወደብ ከፍተኛ ፍንዳታ በደረሰ ጊዜ ኮድማን ወደ ስፍራው ሄደው ቁስለኞችን ረዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በሠራዊቱ ውስጥ በሐኪምነት አገለገሉ።

በ1920 የአጥንት ሳርኮማ መዝገብን መሠረቱ። ይህ የካንሰር ዓይነት ብርቅ በመሆኑ አንድ ሐኪም በሕይወት ዘመኑ የሚያያቸው ሕመምተኞች ጥቂት ናቸው፤ ከጥቂቶች ደግሞ ስለ ሕክምናው ጥቅም አስተማማኝ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይቻልም። ስለዚህ ከልዩ ልዩ ቦታ የሕመምተኞችን ታሪክ፣ የራጅ ፊልምና የሕብረ ሕዋስ ናሙና እየሰበሰቡ መጨረሻቸውን ተከታተሉ። የአጥንት ዕጢ ባለበት ራጅ ላይ የሚታየው የኮድማን ሦስት ማዕዘን የተባለው ምልክት ስማቸውን እስከ ዛሬ ይዞ ይገኛል። በ1934 ደግሞ ስለ ትከሻ ሕመም ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። ኖቬምበር 23 ቀን 1940 በሜላኖማ ካንሰር ሲሞቱ በቦስተን አጠገብ በሚገኘው በማውንት ኦበርን መቃብር ያለ ስም ጽላት ተቀበሩ።

ማጠቃለያ

የኮድማን ዘዴ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሁለት ሐኪሞችን በውጤታቸው ለማወዳደር የሕመምተኞቻቸውን ዕድሜና የበሽታቸውን ክብደት ማመዛዘን ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚያገለግለው የስታቲስቲክስ ስልት የዳበረው ዘግይቶ ነው። ከዚህም ሌላ 337 ሕመምተኞች ለጠንካራ ድምዳሜ ጥቂት ናቸው፤ ስሕተቱን የፈረጁትም የስሕተቱ ባለቤት ነበሩ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ እንዲህ ያለ ጥናት ቢያቀርብ ገምጋሚዎች እነዚህን ነጥቦች ያነሡበታል።

ይሁን እንጂ የዘመኑ ተቃዋሚዎች ኮድማንን የተቃወሙት በእነዚህ ነጥቦች አልነበረም። ዘዴው ጎደሎ ነው ያለ ሰው የተሻለ ዘዴ ባቀረበ ነበር፤ የተፈጸመው ግን ዝርዝሩን ማቃጠልና ሰውየውን ማግለል ነው። ለጤና አገልግሎት ተመራማሪ ይህ ልዩነት በየሥራው የሚገጥመው ነው። መረጃ በማይገኝበት ጊዜ የመመዝገቢያ ቅጽ መጓደሉን ብቻ ሳይሆን፣ መረጃው ቢገኝ ዕድገቱ፣ ዝናው ወይም በጀቱ የሚነካው ማን እንደ ሆነም መመርመር ይገባዋል። የሆስፒታሎች የጋራ ኮሚሽን በ1996 በኮድማን ስም ሽልማት አቋቋመ። በ2014 ደግሞ፣ ከሞቱ ከ74 ዓመታት በኋላ፣ በመቃብራቸው ላይ የስም ጽላት ቆመ። ካርዳቸው ይጠይቅ የነበረው ጥያቄ ግን፣ ታክሞ የሄደው ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ እንዴት ነው የሚለው፣ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ አሁንም መልስ ይጠብቃል።