ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምርመራ

እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ወደ ኢትዮጵያ ሊገባ የነበረ፥ እንጨት እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል በጅቡቲ ወደብ ከመያዣው ፈስሶ መሬቱን በከለው። በውስጡ ያሉት አርሴኒክና ክሮሚየም ንጥረ ነገሮች ናቸውና ፈርሰው አይጠፉም። ስለዚህ ስለ ማናቸውም መርዝ፥ ይገድላል ወይ ብቻ ሳይሆን፥ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል፥ በሕያዋን አካልስ ይከማቻል ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ከእኛ ሊቃውንት መካከል ይህን ጥያቄ ካነሡት አንዱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

እኒህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹን ሞተው አገኟቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ደስ ብሎት ባቆመ ነበር። እሳቸው ግን ከባልደረቦቻቸው ጋር ምርመራውን ቀጠሉ፤ የእንዶዱም መርዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ በውሃው ፈርሶ እንደሚጠፋ ታወቀ። ዲ.ዲ.ቲ. ግን በአፈር ለዓመታት ይቆያል፥ በዓሣና በወፍ ስብም ይጠራቀማል። እርግጥ እንዶድም ዓሣን ይገድላል፤ ይህን መሸሸግ ለሊቁ ክብር አይጨምርም።

በዓድዋ ለዓመታት በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው በሽታ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሆኖም የውጭ ድርጅቶች የአዲስ አበባውን ማስረጃ በቂ ነው ብለው አልተቀበሉም፤ የመርዛማነቱ ምርመራ በውጭ አገር ላቦራቶሪ እንደገና እስኪፈጸም ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለው፥ በ1997 ዐረፉ።