ቢል ኢቫንስ እና የሦስትዮሽ መደማመጥ

አሜሪካዊው የፒያኖ ተጫዋች ቢል ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1929 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በፕሌንፊልድ ከተማ ተወለደ። በሉዊዚያና ሙዚቃ አጥንቶ በ1950 ተመረቀ። በ1958 የማይልስ ዴቪስን ቡድን ተቀላቀለ፤ በቀጣዩ ዓመትም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በተሰኘው አልበም ቀረጻ ተሳተፈ።

በቡድን ውስጥ በቅጽበት ስለሚፈጠር ሙዚቃ ለሚያጠና ግን ይበልጥ የሚጠቅመው፣ በ1959 መገባደጃ ከቤዝ ተጫዋቹ ስኮት ላፋሮና ከድራም ተጫዋቹ ፖል ሞቲያን ጋር የመሠረተው የሦስትዮሽ ቡድን ነው። በተለመደው አሠራር ፒያኖው ዜማውን ሲመራ፣ ቤዙና ድራሙ ምቱን ጠብቀው ያጅቡት ነበር። የኢቫንስ ቡድን ይህን የመሪና የአጃቢ ክፍፍል አላላው። ላፋሮ ለፒያኖው ሐረግ በራሱ ዜማ ይመልሳል፤ ሞቲያን ምቱን ሁልጊዜ በግልጽ አይመታም፤ ኢቫንስም ድምፆችን ቆጥቦ ለቤዙ ስፍራ ይለቅቃል። ምቱ ጎልቶ ባይሰማም የሚጸናው ሦስቱም በውስጣቸው ስለሚይዙት ነው።

ጁን 25 ቀን 1961 በኒው ዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክበብ የተቀረጹት ሥራዎች ለዚህ አብነት ናቸው። ከ11 ቀናት በኋላ ላፋሮ በ25 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ኢቫንስ ለወራት ከመድረክ ራቀ፤ በ1962 ከቸክ እስራኤልስ ጋር ቡድኑን ዳግም አቋቋመ፤ በ1980 እስካረፈበት ጊዜም በዚሁ የሦስትዮሽ አደረጃጀት ተጫወተ።

ይህ ታሪክ በቅጽበት የሚፈጠር ሙዚቃ በተወሰኑ ሰዎች መካከል በጊዜ የሚገነባ ግንኙነት መሆኑን ያመለክታል። ተጫዋች በተጫዋች ሊተካ ይችላል፤ መደማመጡ ግን እንደገና ከመሠረቱ ይጀመራል።