የወይንን ሥር ከተባይ፣ የወይን ጠጅን ስም ከማጭበርበር የጠበቁት ምሁር

የአርመን ሕዝብ ካፈራቸው የግብርና ምሁራን አንዱ የሆኑት ቫሲሊ ታይሮቭ፣ በአርመንኛ የቤተሰብ ስማቸው ታይርያን፣ የተወለዱት በ1859 በሰሜን አርሜኒያ ዛሬ ቫናዞር በምትባለው ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሕይወት ታሪካቸው የሰብል በሽታ አርሶ አደሩን በሚፈታተንባቸው አካባቢዎች ሁሉ፣ በአገራችን በወላይታ ዞንም ጭምር፣ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

አርሜኒያ በወቅቱ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። ታይሮቭ በሞስኮ በሚገኘው የግብርና አካዳሚ ትምህርታቸውን በ1884 አጠናቀው በምዕራብ አውሮፓ የወይን እርሻና የወይን ጠጅ አጠማመቅ ሙያን አጠኑ። የሥጋ ዘመዳቸው የነበሩት ነጋዴ ነርሴስ ታይርያን በ1887 በየሬቫን አሮጌ ምሽግ ቅጥር ውስጥ የኮኛክ ምርት ጀመሩ። የወይን ጠጁ በእሳት ከተነጠረ በኋላ በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ኮኛክ ይሆን ነበር። ፋብሪካው በ1899 ወደ ሹስቶቭ ኩባንያ ቢዛወርም፣ የአርሜኒያ ኮኛክ ዝና የተመሠረተው በዚያች የአውራጃ ከተማ ነው።

ይሁን እንጂ የወይን ዘለላ ካልቀረበለት ፋብሪካ ብቻውን ዋጋ የለውም። ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ፊሎክሴራ የተባለ እጅግ ደቃቅ ተባይ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓን የወይን እርሻዎች ሥራቸውን እየመጠጠ ሲያደርቅ ቆይቶ፣ በ1880 በክራይሚያ ታየ። መንግሥት የወሰደው እርምጃ የተበከሉትን ተክሎች ነቅሎ ማቃጠልና መሬቱን በመርዝ ማከም ነበር። አርሶ አደሩ በዚህ እርምጃ እርሻውን ያጣ ነበር፤ ተባዩ ግን አልጠፋም።

ታይሮቭ የተከራከሩት ለሌላ መፍትሔ ነው። የአሜሪካ የወይን ዝርያ ሥር ተባዩን የመቋቋም ተፈጥሮ ስላለው፣ የአገሩን የወይን ቅርንጫፍ በዚያ ሥር ላይ አዳቅሎ መትከል እንደሚሻል አስተማሩ። ትምህርቱን ለማዳረስም በ1892 በኦዴሳ ከተማ ስለ ወይን አመራረት የሚያትት መጽሔት መሥርተው በአዘጋጅነት መሩ። በ1905 ደግሞ በዚያው ከተማ አቅራቢያ የወይን ምርምር ጣቢያ እንዲቋቋም አደረጉ።

ምሁሩ ትኩረት የሰጡት ለማሳው ብቻ አልነበረም። ውኃ፣ ስኳርና ማቅለሚያ እየቀላቀሉ የወይን ጠጅ ነው ብለው የሚሸጡ ነጋዴዎች ሐቀኛውን አምራች ከገበያ እያስወጡት ነበር። ምርቱን ከተባይ ማዳን በገበያ ላይ በሐሰተኛ ሸቀጥ ከተሸነፈ ትርጉም እንደማይኖረው በመረዳት፣ የወይን ጠጅ ምንነት በሕግ እንዲደነገግ ለዓመታት ታግለዋል። በ1914 የወጣው የወይን ጠጅ ሕግ የዚህ ጥረት ውጤት ነው።

ታይሮቭ በ1938 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመሠረቱት ጣቢያ ግን አብሯቸው አልሞተም። ከንጉሡ መንግሥት መውደቅና ከሶቭየት ኅብረት መፍረስ በኋላም በዩክሬን በስማቸው የሚጠራ የምርምር ተቋም ሆኖ ቀጥሏል። ኦዴሳ ጥቁር የሚባለው የቀይ ወይን ጠጅ ዝርያ የተገኘው በዚሁ ተቋም ነው።

በወላይታ ዞንም ተመሳሳይ ፈተና ታይቷል። በ2012 የተከሰተው የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ለብዙ አርሶ አደሮች የገንዘብ ምንጭ የነበረውን ሰብል ክፉኛ ጎድቷል፤ የእንሰት አጠውልግም የቤተሰብን ምግብ የሚፈታተን ነው። በሽታዎቹ በባክቴሪያ የሚመጡ በመሆናቸው መድኃኒታቸው ከፊሎክሴራው የተለየ ነው። ንጹሕ የመትከያ ዘር ማዘጋጀትና በሽታን የሚቋቋም ዝርያ መፈለግ ግን እዚህም የምርምር ሥራ ነው፤ በዞኑ የሚገኘው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ዓይነት ተቋማት አስፈላጊነትም ከዚህ ይመነጫል።

ከታይሮቭ ሕይወት የሚቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነው። የግብርና ምርትን ወደ ኢንዱስትሪ ለማሸጋገር ፋብሪካ መትከል ብቻውን አይበቃም። ሥሩን የሚጠብቅ ምርምር፣ ዕውቀቱን ለአርሶ አደሩ የሚያደርስ መንገድና ጥራቱን የሚያስከብር ሕግ አብረው ሊተከሉ ይገባል።