የስደተኛው መቅረዝ

ኢየሩሳሌምን የጎበኙ ወገኖች ከእስራኤል ፓርላማ ከክኔሴት ፊት ለፊት የቆመውን ትልቅ የነሐስ መቅረዝ ያስታውሱት ይሆናል። ብዙዎች አጠገቡ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። የሠራው ማን እንደ ሆነ የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ይህን መቅረዝ የሠራው በተወለደበት አገር የእጁ ሥራ የፈረሰበትና በስደት ያረጀ አይሁዳዊ ነው። ስሙም ቤኖ ኤልካን ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤልካን በ1877 ዶርትሙንድ በተባለች የጀርመን ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ሥዕል ሊማር ወደ ሙኒክ ሄደ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀውን የባየርን ሙኒክ እግር ኳስ ክለብ በ1900 ከመሠረቱት ወጣቶችም አንዱ ነበር። በኋላ ግን ልቡ ወደ ቅርፃ ቅርፅ አዘነበለ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ስለ ሞቱት ልጆቿ በምታለቅስበት ጊዜ፣ በ1920 በፍራንክፈርት ከተማ ለጦርነቱ ሰለባዎች መታሰቢያ ሠራ። የቀረፀው መሣሪያ የታጠቀ ጀግና ሳይሆን በሐዘን የተጎነበሰች ሴት ነበር። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ይህ መታሰቢያ ከቦታው ተነሣ። በማይንዝ ከተማ ያቆመው ሐውልትም በዚያው ዓመት ፈረሰ። ኤልካን በ1934 ወደ ለንደን ተሰደደ። ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ስደትን የቀመሰ ሰው በዚያ ዕድሜ እንደ ገና ከዜሮ መጀመር ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል።

ስደተኛው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በታዋቂው የዌስትሚንስተር አቤይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚገኙትን ሁለት ትልልቅ የነሐስ መቅረዞች ሠራ። አንዱ የብሉይ ኪዳንን፣ ሌላው የአዲስ ኪዳንን ሰዎችና ታሪኮች በምስል ያሳያል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የሕይወቱን ትልቁን ሥራ ጀመረ። ይህም ሰባት ቅርንጫፎች ያሉት፣ ከአራት ሜትር በላይ ከፍታና አራት ቶን ያህል ክብደት ያለው መቅረዝ ነው። ሙሴ በዘጸአት 25 እንዲሠራ የታዘዘውን የወርቅ መቅረዝ ያስታውሳል። በላዩ የተቀረፁት ምስሎች የአይሁድን ሕዝብ ታሪክ ይተርካሉ። ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነት እጆቹን ያነሣው ሙሴ፣ ሩት፣ ስለ ልጆቿ የምታለቅሰው ራሔል፣ ሕዝቅኤል ያያቸው የደረቁ አጥንቶች፣ እንዲሁም አይሁድ በዋርሶ ጌቶ በናዚዎች ላይ ያደረጉት ዐመፅ ይገኙበታል። የእንግሊዝ ፓርላማ አባላትም ይህን መቅረዝ ሚያዝያ 1956 ለአዲሲቱ እስራኤል ፓርላማ በስጦታ አበረከቱት። ኤልካን በዚያን ጊዜ የ78 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በ1960 በለንደን አረፈ።

በመቅረዙ ላይ በዕብራይስጥ ከተቀረፁት ቃላት አንዱ ከትንቢተ ዘካርያስ 4፥6 የተወሰደ ነው። ነቢዩ በራእይ የወርቅ መቅረዝ ባየ ጊዜ፣ ከምርኮ የተመለሱትን ሰዎች ለሚመራው ለዘሩባቤል የመጣ መልእክት ነበር። መልእክቱም ሥራው የሚፈጸመው በሰው ብርታትና በሠራዊት ብዛት ሳይሆን በእግዚአብሔር መንፈስ መሆኑን ይናገራል።

ይህ ቃል በማን ሥራ ላይ እንደ ተቀረፀ እናስተውል። ኃይል ምን እንደሚያፈርስ ኤልካን በገዛ ሥራው ላይ አይቷል። ሐውልቱን ያፈረሱት ሰዎች ሠራዊት ነበራቸው፤ እርሱ ግን መዶሻና መሮ እንጂ ሌላ አልነበረውም። ሆኖም የእነርሱ መንግሥት ከ1945 አላለፈም። በፍራንክፈርት ያነሡት የሐዘንተኛዋ ሴት ሐውልትም በ1946 ወደ ቦታው ተመልሶ ቆመ።

ወገኖቼ፣ ዛሬም በስደት ያላችሁ፣ ወይም ለዓመታት የደከማችሁበት ሥራ በሌሎች እጅ ሲፈርስ ያያችሁ ትኖራላችሁ። የፈረሰው ሁሉ በዚህ ምድር ይመለሳል ማለት አንችልም፤ የማይንዙ ሐውልት እንደ ነበረ አልተመለሰም። ነገር ግን ለዘሩባቤል የተነገረው ቃል ለፍርስራሽ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው የተነገረ ቃል መሆኑን አንርሳ።