መሐንዲሱ ሃውንስፊልድና የቁስለኛ ምርመራ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ይፋግ አጠገብ መኪና ተገልብጦ ሰው ቢጎዳ፣ ቁስለኛው ደብረ ታቦር ወይም ጎንደር እስኪደርስ ጊዜው ያልፋል። ደርሶም ራሱን ስቶ ከሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው በራስ ቅሉ ውስጥ ደም ይፈስ እንደ ሆነ ነው። ይህን ያለ ቢላዋ ለማወቅ ያስቻለው ሐኪም ሳይሆን የሙያ ባልደረባችን ነበር።

ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በነሐሴ 1919 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኒዋርክ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ከድርቆሽ ክምር ላይ ራሱ በሠራው ክንፍ ለመብረር ይሞክር ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ በጦርነቱ ዘመን በአየር ኃይል ራዳር አስተማረ፣ ኋላም ለንደን በሚገኘው ፋራዴይ ሃውስ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ዲፕሎማ አገኘ። በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ተቀጥሮ ኤሚዴክ የተባለውን ባለትራንዚስተር ኮምፒዩተር የሠራውን ቡድን መራ።

በ1967 የመጣለት ሐሳብ ቀላል ነው፤ አንድን ነገር ከብዙ አቅጣጫ በጨረር ለክቶ፣ ልኬቱን በሒሳብ አቀናጅቶ ውስጡን በቁራጭ በቁራጭ ማየት። ሥራው ግን ቀላል አልነበረም፤ የመጀመሪያው ልኬት ብቻ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ይህን ጸሐፊ ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመው የከብቱ አንጎል ጉዳይ ነው። በተራው ቄራ ከብቱ ራሱን ተመትቶ ስለሚወድቅ አንጎሉ ደም ቋጥሮ ምስሉን ያበላሽ ነበር። ስለዚህ በአይሁድ ሥርዓት ከሚታረድበት ቄራ የተገኘ አንጎል ይዞ፣ በሕዝብ መጓጓዣ ለንደንን እያቋረጠ ወደ ቤተ ሙከራው ይመላለስ ጀመር። ያኔ እንቅፋት የሆነበት ደም ዛሬ ሲቲ ስካን በቁስለኛ ራስ ውስጥ የሚፈልገው ነው።

ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ ራሷን ተነሣች፤ ዕጢውም ታየ። በ1979 በደቡብ አፍሪካ ከተወለደው ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ውሃን 0፣ አየርን ከዜሮ በታች 1000 የሚያደርገው መለኪያ በስሙ ይጠራል።

መሣሪያው ከራስ አልፎ መላ አካልን ማንሣት ከቻለ ወዲህ፣ በአደጋ የተጎዳውን ሁሉ ከራስ እስከ ዳሌ ማንሣት በየአገሩ እየተለመደ ሄዷል። በ2016 ላንሴት ላይ የወጣ፣ 1083 ከባድ ጉዳተኞችን የተከታተለ ጥናት ግን ወዲያው መላ አካላቸውን በተነሡትና በራጅና በአልትራሳውንድ ተመርምረው የተመረጠ ክፍላቸውን በተነሡት መካከል የሞት ልዩነት አላገኘም፤ በሁለቱም ወገን 16 ከመቶ ሞተዋል። ራሱን የሳተና ብዙ ቦታ የተጎዳ ሰው መላ አካሉን ቢነሣ ተገቢ ነው። በደኅና እየተነጋገረ የተሰበረ ክንዱን ለሚያሳይ ወጣት ግን ጨረሩ ያለ ትርፍ የሚከፈል ዕዳ ነው። ደሙ አልቆም ያለውም ወደ መሣሪያው ሳይሆን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል። የይፋጉን ቁስለኛማ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያድነው መንገድ ላይ ደሙን አጥብቆ የያዘለት ሰው ነው።

ሃውንስፊልድ ሚስት ሳያገባ ኖሮ በነሐሴ 2004 በ84 ዓመቱ ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት ሳይሆን፣ 85ኛ ዓመቱን ሊይዝ 16 ቀን ሲቀረው ዐረፈ።